መለስ ብሎ መምረጥ፤ የሌዲ ሜሪ ሞንታጉ የቱርክ ደብዳቤዎች

በ1761 በዲሴምበር ወር አንዲት የሰባ ሁለት ዓመት እንግሊዛዊት ወይዘሮ ከኢጣልያ ተነሥታ ወደ አገሯ ስትመለስ በሆላንድ የወደብ ከተማ በሮተርዳም መርከብ ትጠባበቅ ነበር። በሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ጥራዞች ነበሩ። ከአርባ ዓመት በፊት በቱርክ አገር ተቀምጣ ሳለ ለወዳጆቿ ከጻፈቻቸው ደብዳቤዎች መርጣ፣ አስተካክላና በመልክ በመልኩ አሰናድታ ያስጠረዘቻቸው ናቸው። እነዚህን ጥራዞች በከተማው የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ቄስ ለነበረው ለቤንጃሚን ሳውደን ሰጠችው፤ እንደ ወደደ ያደርግባቸው ዘንድ የተሰጡት መሆኑንም በገዛ እጇ ጽፋ ፈረመች። ከዚያም ባሕሩን ተሻግራ ለንደን ገባች፤ ዓመትም ሳይሞላት በኦገስት 1762 በጡት ካንሰር ሞተች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህች ወይዘሮ ሌዲ ሜሪ ወርትሊ ሞንታጉ ናት። በ1689 ከመሳፍንት ወገን ተወለደች። የዘመኑ ልማድ ለሴት ልጅ ዳንስና ጥልፍ በቂ ነው ይል ነበርና ላቲንን ያስተማራት መምህር አልነበረም፤ ከአባቷ ቤተ መጻሕፍት ተሸሽጋ ለራሷ ተማረችው። አባቷ ሌላ ባል ሲመርጥላት በ1712 ከኤድዋርድ ወርትሊ ሞንታጉ ጋር ኮብልላ ተጋባች። ባሏ በ1716 በኦቶማን መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር ሆኖ ተሾመ፤ በኦስትሪያና በቱርክ መካከል የተነሣውን ጦርነት በሽምግልና እንዲያበርድም ታዘዘ። በኦገስት 1716 ባልና ሚስት ትንሹን ልጃቸውን ይዘው ተነሡ። ሆላንድን፣ የጀርመን ከተሞችንና ቪየናን አልፈው፣ በክረምት በረዶ ሃንጋሪን አቋርጠው በ1717 መጀመሪያ ቤልግሬድ ገቡ። ከዚያ በሶፊያ በኩል ሡልጣኑ ወደ ነበረበት ወደ ኤድርኔ፣ ቀጥሎም ወደ ቁስጥንጥንያ ወረዱ። የሽምግልናው ጉዳይ ለአምባሳደሩ አልሰመረለትምና ተሽሮ ተጠራ፤ በጁላይ 1718 በመርከብ ተሳፍረው በቱኒስና በጄኖቫ በኩል ተመለሱ። ሁሉም ነገር ከሁለት ዓመት ብዙም አላለፈም። ባልየው ከዚህ ሹመት ይህ ነው የሚባል ነገር አላተረፈም፤ ሚስቱ ግን ሁለቱን ጥራዞች አተረፈች።

እነዚህ ጥራዞች ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደ ሆኑ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በውስጣቸው ሃምሳ ሁለት ደብዳቤዎች ይገኛሉ፤ ነገር ግን በመልእክተኛ እጅ የተላኩት ደብዳቤዎች እንዳሉ የተገለበጡ አይደሉም። ሜሪ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ የላከቻቸውን ወረቀቶች ዝርዝርና የግል ማስታወሻዋን ፊቷ ዘርግታ፣ ከአንዱ ቆርጣ ለሌላው ቀጥላ፣ ተደጋጋሚውንና ቤተሰባዊውን አስወግዳ እንደገና ጻፈቻቸው። ከኤድርኔ ከተጻፉት መካከል ከአምስት የማያንሱት አንድ ዓይነት ቀን ይዘዋል፤ ይኸውም ኤፕሪል 1 ቀን 1717 ነው። ሰው ምንም ትጉ ጸሐፊ ቢሆን በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ገጽ አይጽፍምና አሰናጂዋ እጇን እዚህ ላይ ሳትሸሽግ ትታዋለች። ሥራው በ1724 ተጠናቆ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ስለ ሴቶች ትምህርት በመጻፍ የታወቀችው ሜሪ አስቴል ጥራዞቹን ተውሳ አንብባ እንዲታተሙ የሚወተውት መቅድም በባዶው ገጽ ላይ ጽፋበታለች። ባለቤቲቱ ግን አላሳተመችም። የመሳፍንት ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ስሟን በመጽሐፍ ነጋዴ መደብር ማዋል እንደ ነውር ይቆጠር ነበር።

እንግዲህ በባዕድ አገር የሚኖር ሰው ሁለት ጊዜ ይጽፋል ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ዓይኑ ያየውን በሰሞኑ ትኩሳት ይጽፋል፤ ኋላ ደግሞ አገሩ ገብቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ከጻፈው ውስጥ የሚወደውን ይመርጣል። የሚመረጠው ገጽ ስለ ሩቁ አገር የሚነግረንን ያህል ስለ መራጩም ይነግረናል። የሜሪ ጥራዞች በዚህ ዓይን ሲነበቡ ክብሯንም ነውሯንም ይገልጣሉ። የመጀመሪያው ጽሑፍ በብዛት የለም። ከጋብቻዋ ዘመን ጀምሮ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የጻፈችው የዕለት ማስታወሻ ለልጇ ለሌዲ ቢዩት ተላልፎ ነበር፤ ልጅቱ ቆልፋ አኖረችው፣ አልፎ አልፎም ለሴቶች ልጆቿ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላቸው ነበር፤ ራሷ በ1794 ከመሞቷ በፊት ግን የእናቷን ስም ለመጠበቅ ስትል እሳት ውስጥ ጨመረችው። ለዓለም የቀረው የተመረጠው ብቻ ነው።

ከምርጦቹ መካከል የፔትሮቫራዲን ደብዳቤ የሚዘነጋ አይደለም። በኦገስት 1716 የኦስትሪያ ጦር በዚያ ስፍራ ቱርኮችን ድል አድርጎ ነበር። የአምባሳደሩ ጓዝ ሜዳውን ሲያቋርጥ ከውጊያው ስድስት ወር ያህል ቢያልፍም ያልተቀበሩ የሰዎች ራስ ቅሎችና ሬሳዎች፣ የፈረሶችና የግመሎች አጥንቶች በበረዶው ላይ ተበትነው ይታዩ ነበር። ሜሪ ይህን ለባለቅኔው ለአሌክሳንደር ፖፕ ስትጽፍ የየትኛውንም ወገን ድል አታወድስም። ስለ አንዲት ቁራሽ መሬት ይህን ያህል ሰው የሚያርድ ፍጡር አእምሮ አለኝ ማለቱ ያስገርማታል። የሽምግልና ተልእኮ የተሰጠው ባሏ ነበር፤ የጦርነቱን ትርጉም አጥርታ የጻፈችው ግን እሷ ናት።

በቤልግሬድ ሦስት ሳምንት ያህል ባረፉበት ቤት አሕመድ ቤይ የተባለ ሊቅ ባለቤት አገኘች። ማታ ማታ አብሯቸው ራት ይበላል፣ ወይን ጠጅም ይጠጣል፤ የዐረቦችን ግጥም ይተረጉምላታል፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ሴቶች አኗኗር ይከራከራሉ። የሜሪ ዕውቀት የተጀመረው ከዚህ ገበታ ነው። ወዲያውም ቱርክኛ መማር ጀመረች። ኤድርኔ ከደረሰች በኋላ አንድ ቪዚር ለሡልጣኑ ልጅ የጻፈውን የፍቅር ግጥም ለፖፕ ላከችለት፤ አላላኩም ለግጥም ሰው የሚያስደስት ነው። አስቀድማ ቃል በቃል የተተረጎመውን አቀረበች፤ ቀጥላም በእንግሊዝኛ ቤት የሚመታ አድርጋ ራሷ ገጠመችው። የባዕድን ቅኔ በራስ ቋንቋ አልብሶ ብቻ የሚያቀርብ ተርጓሚ የልብሱን ስፌት ያስመሰግን ይሆናል፤ ራቁቱን ገላ ጎን ለጎን የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። ቱርክኛው የሚወደውን ምስል እንግሊዝኛው ጆሮ ሊስቅበት እንደሚችል አውቃ፣ የሚያስቀው ነገር ከቋንቋ ልማድ የመጣ እንጂ ከገጣሚው ጉድለት እንዳልሆነ ማስረዳቷ ደግሞ የሂሳዊ አስተዋይነት ምልክት ነው።

የሶፊያ ፍል ውሃ ቤት ደብዳቤ ከሁሉ ይልቅ ዝና ያገኘው ነው። ሜሪ የመንገድ ልብሷን እንደ ለበሰች ጉልላት ባላቸው የእብነ በረድ አዳራሾች ውስጥ ገባች። ሁለት መቶ የሚያህሉ ሴቶች ራቁታቸውን ተቀምጠው ቡናና ሸርበት ይጠጣሉ፤ ወጣት ገረዶች ጠጉራቸውን ይጎነጉናሉ። አንዲትም ሴት በእንግዳይቱ አለባበስ አልሳቀችም፣ አንዲትም ጆሮ ለጆሮ አላንሾካሾከችም፤ በአውሮፓ ቤተ መንግሥት እንዲህ ያለ ጨዋነት እንደማይገኝ ሜሪ ሳትሸሽግ ትናገራለች። ሴቶቹ ልብሷን አውልቃ አብራቸው እንድትታጠብ ለመኗት። ቢቸግራት ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ ወገቧን ጠፍሮ የያዘውን የአጥንት ጥብቆ አሳየቻቸው፤ እነሱም ባሏ በዚህ መሣሪያ ቆልፎባት ስለ ሆነ ልትፈታው እንደማትችል አምነው ተዋት። በዚህች አጭር ቦታ ተመልካቿ ራሷ ተመልካች አገኘች። አውሮፓዊው አንባቢ የምሥራቅን ሴት እስረኛ አድርጎ ሲያስብ ኖሮ፣ የምሥራቅ ሴቶች ደግሞ አውሮፓዊቷን በባል ቁልፍ የታሰረች ብለው አዘኑላት። ሜሪ ይህን ቀልድ በራሷ ላይ ማስቀረቷ የሚያስከብራት ነው።

የኋላው ዘመን ግን ደብዳቤውን በሌላ አነበበው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንግር የዚህን ገጽ ትርጉም በማስታወሻው ገልብጦ ይዞ ኖሮ፣ በ1862 በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ዛሬ በሉቭር ሙዚየም የሚገኘውን «የቱርክ መታጠቢያ» የተባለ ሥዕል ፈጸመ። ወደ ቱርክ እግሩ አልደረሰም። በሥዕሉ ውስጥ የተዘረጉት ገላዎች ብዙ ናቸው፤ ልብስ ለብሳ የተቀመጠችው እንግዳና በእሷ ላይ የተፈረደው ፍርድ ግን የሉበትም። ጨዋነትን ለመመስከር የተጻፈ ገጽ ለምኞት ሥዕል መነሻ ሆነ።

ከሜሪ በፊት ስለ ቱርክ የጻፉት እንደ ፖል ሪኮና እንደ አሮን ሂል ያሉ ወንዶች ነበሩ፤ ሁሉንም እየጠቀሰች ትነቅፋቸዋለች። የነጋዴና የመንገደኛ ዓይን ከደጃፍ አያልፍም፤ ወንድ ሊገባበት ስለማይችል የሴቶች እልፍኝ መጻፍ ከሰማይ ቤት እንደ መጻፍ ነው ባይ ናት። እሷ ግን ገብታለች። ለእኅቷ ለሌዲ ማር በጻፈችው ደብዳቤ የለበሰችውን የቱርክ ልብስ ከሱሪው እስከ ራስ ጌጡ አንድ በአንድ ከዘረዘረች በኋላ፣ መሸፈኛው እስር መስሎ ቢታይም ሴቲቱን ባሏም እንኳ በመንገድ ቢያገኛት እንዳያውቃት ስለሚያደርግ ነፃነት ነው ስትል የአገሯን አንባቢ ታስደነግጣለች። ባለጸጋ የሆኑት ሴቶች ገንዘባቸውን በገዛ እጃቸው እንደሚያዝዙበትም ትመሰክራለች። እዚህ ላይ ቅናት አለበት። በእንግሊዝ አገር ያገባች ሴት ንብረት በሕግ የባሏ ነበር፤ ይህ በሕግ የተለወጠው በ1882 ነው። ስለዚህ የቱርክ ደብዳቤ በከፊል ስለ እንግሊዝ የተጻፈ ክስ ነው፤ የምትወደውን ነገር ከፍ አድርጋ የምትስለውም ለዚህ ክስ ማስረጃ ስለምትፈልግ ይመስላል። ያየቻቸው የትልልቅ ሹማምንት ሚስቶች ናቸው። ለእነሱ ውሃ የምትቀዳው፣ እሳት የምታነድደው ሴት ነፃነት አላት ወይ የሚለውን አልጠየቀችም።

አሁን ወደ ታላቁ ደብዳቤ እንመለስ። ፈንጣጣ ለሜሪ የመጻሕፍት ወሬ አልነበረም። በ1713 ወንድሟን ገደለባት። በ1715 መጨረሻ ራሷን ይዞ፣ በውበቷ የታወቀች ነበረችና ፊቷን አጠቋቁሮ የዓይኖቿን ሽፋሽፍት አረገፈ፤ ሽፋሽፍቱም ተመልሶ አልበቀለም። ኤድርኔ በገባች ሰሞን ታዲያ ፈንጣጣ እንደ ቀላል ነገር የሚነገርበት አገር አገኘች። ለልጅነት ወዳጇ ለሣራ ቺስዌል የጻፈችው ደብዳቤ አሠራሩን እንደ ሐኪም ይዘረዝራል። ሙቀቱ በሚበርድበት በሴፕቴምበር ወር ቤተሰቦች እየተጠራሩ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ሆነው ይሰበሰባሉ። አንዲት አሮጊት ከቀለለ ፈንጣጣ የተወሰደ መግል በለውዝ ቅርፊት ይዛ ትመጣና የትኛውን የደም ሥር ልክፈትልህ ብላ ትጠይቃለች። በመርፌ ጫፍ የሚያዘውን ያህል ታገባበታለች፤ ቁስሉንም በባዶ ቅርፊት ሸፍና ታስረዋለች፤ እንዲህ እያለች አራት አምስት ቦታ ትከትባለች። ግሪኮቹ በግንባር፣ በሁለት ክንድና በደረት የመስቀል ምልክት እንዲሆን ያስደርጉ ነበር። ሕፃናቱ እስከ ስምንተኛው ቀን ይጫወታሉ፤ ከዚያ ትኩሳት ይይዛቸዋል፣ ሁለት ቀን ይተኛሉ፣ በፊታቸው ላይም ከሃያና ከሠላሳ የማይበልጥ ነጠብጣብ ወጥቶ ምልክት ሳይተው ይድናሉ። ሜሪ ልማዱን ወደ አገሯ ለማግባት ቆርጣ መነሣቷን ትገልጻለች፤ ከገቢያቸው ይህን ያህል ክፍል ለሰው ልጅ ደኅንነት የሚተዉ ሐኪሞች ይገኙ እንደ ሆነ ግን ተስፋ የላትም።

የመጀመሪያዋ ወሬ ነጋሪ እሷ አልነበረችም። ቲሞኒና ፒላሪኒ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ስለዚሁ ክትባት ጽፈው፣ ጽሑፋቸው በለንደን የሳይንስ ማኅበር ፊት ቀርቦ ነበር፤ ሊቃውንቱ አንብበው እንደ ብርቅ ነገር በመዝገባቸው አኖሩት። ልዩነቱ ሜሪ በገዛ ልጇ ላይ መሞከሯ ነው። በማርች 1718 ባሏ ከቤት በሌለበት ወቅት በፔራ የኤምባሲውን የቀዶ ጥገና ባለሙያ ቻርልስ ሜይትላንድን ከአንዲት ግሪካዊት አሮጊት ጋር አስጠርታ ወንድ ልጇን አስከተበች። አሮጊቷ እጇ ይንቀጠቀጥ፣ መርፌዋም የዛገ ስለ ነበር ሜይትላንድ የልጁን ሁለተኛ ክንድ በራሱ መሣሪያ ሠራው። በ1721 ለንደን በፈንጣጣ ስትጠቃ ደግሞ በቁስጥንጥንያ የወለደቻትን ልጇን በሐኪሞች ፊት አስከተበች፤ ይህ በእንግሊዝ በሐኪም የተደረገው የመጀመሪያው ክትባት ነው። በዚያው ዓመት በኒውጌት ወህኒ ስድስት እስረኞች ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው ተከተቡ፤ ሁሉም ዳኑና ተፈቱ። በ1722 የዌልስ ልዕልት ሁለት ሴቶች ልጆቿን አስከተበች። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ጦፈ፤ ቀሳውስቱ ከአምላክ ፈቃድ ጋር መታገል ነው አሉ፤ ሐኪሞቹም ከባዕድ አሮጊቶች ትምህርት መቀበል ከበዳቸው። ክትባቱ አደጋ የለበትም ማለት አይደለም፤ ከተከተቡት ከመቶ ሁለት ሦስቱ ይሞቱ ነበር፣ የተከተበውም ሰው በሽታውን ለጎረቤት ሊያስተላልፍ ይችላል። በራሱ ከያዘው ፈንጣጣ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነበር። በኋላ በ1796 የከብት ፈንጣጣን ክትባት የፈተነው ኤድዋርድ ጄነርም በሕፃንነቱ በዚሁ በጥንቱ ዘዴ የተከተበ ነው።

ይህ ልማድ ለቱርክ ብቻ የተሰጠ አልነበረም። በሀገራችንም ዘመናዊው ክትባት ከመግባቱ በፊት ከቀለለ በሽተኛ ቁስል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በጥቶ መክተብ የታወቀ እንደ ነበር በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል፤ የእነዚያ ከታቢዎችም ስም በየትኛውም ጥራዝ አልገባም። ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት በተደረገው የዓለም ዘመቻ ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ አገሮች አንዷ ሆና፣ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ በኤልከሬ በኩል ነው። በማግሥቱ ዓመት በሶማሊያ የመጨረሻው ሰው ታመመ፤ በ1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው መጥፋቱን አወጀ።

የሣራ ቺስዌል ነገር ግን በዚህ አይቋጭም። ሜሪ ወደ ቱርክ ስትነሣ ሣራን አብራት እንድትሄድ ለምናት ነበር። ዘመዶቿ ለጤናዋና ለሕይወቷ ሰግተው ከለከሏት፤ ሣራም እነሱን ላለማሳዘን ቀረች። ሜሪ ገና ሆላንድ እንደ ደረሰች በጻፈችላት ደብዳቤ ስለዚህ ማዘኗን ገልጻለች፤ ደብዳቤውም በጥራዙ ውስጥ ይገኛል። ከስምንት ወር በኋላ የፈንጣጣውን መድኃኒት በዝርዝር የተነገራት ያቺው የቀረችው ሣራ ናት። በ1726 ሣራ ቺስዌል በእንግሊዝ አገር በፈንጣጣ ሞተች። በዚያን ጊዜ ጥራዞቹ ተሰናድተው ካለቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሁለቱም ደብዳቤዎች በየቦታቸው ተቀምጠው ቀሩ፤ ሜሪ አንድ ቃል አልጨመረችባቸውም። አንባቢ ዛሬ ሁለቱን ደብዳቤዎች ሲያያይዝ ያለ አንዳች ሐተታ የሚሰማው ነገር ሌላ ጸሐፊ በብዙ ገጽ ሊያመጣው የማይችለው ነው።

በፔራ የነበራት ቤት በራሱ አንድ ትንሽ ዓለም ነበር። ፈረስ ጠባቂዎቿ ዐረቦች፣ አሽከሮቿ ፈረንሳዮች፣ እንግሊዞችና ጀርመኖች፣ ሞግዚቷ አርመናዊት፣ ገረዶቿ ሩሲያውያን፣ ቤት አዛዧ ኢጣልያዊ፣ ዘበኞቿ ቱርኮች ናቸው። በዚህ ሁሉ ልሳን መካከል እንግሊዝኛዋ እየጠፋባት መሄዱን በሳቅ ታወራለች። በስደት የሚኖር ሁሉ የሚያውቀው ሳቅ ነው፤ ከበስተኋላው ጥቂት ድንጋጤ አለበት።

የፋጢማ ደብዳቤ ሌላው የወደደችው ገጽ ነው። ፋጢማ የታላቁ ቪዚር ምክትል ሚስት ስትሆን ሜሪ በኤድርኔ ጎበኘቻትና በውበቷ ተማረከች፤ የመረጠቻቸው ቃላት ሁሉ ከሥዕልና ከሐውልት የተወሰዱ ናቸው። በ1718 ቁስጥንጥንያ ላይ እንደገና ሲገናኙ የፋጢማ እናት ቱርኮች የካሚንየትስን ከተማ በያዙ ጊዜ የተማረከች ፖላንዳዊት መሆኗን ሰማች። ይህች የምታደንቃት ታላቅ እመቤት የምርኮኛ ልጅ ነበረች። ሜሪ ግን ወሬውን እንደ ጨዋታ አልፋዋለች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። ወደ ፋጢማ እልፍኝ መግቢያ ላይ የተቀበሏት ሁለት ጥቁር ጃንደረቦች ናቸው። በረጅሙ አዳራሽ ይመሯታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ እነሱ ምንም አልተጻፈም። ሡልጣኑ ወደ መስጊድ ሲሄድ የተሰለፈውን አጀብ በገለጸችበት ደብዳቤም ቂዝላር አጋ የተባለው የሴቶቹ እልፍኝ አዛዥ ሲያልፍ አይታዋለች፤ የጻፈችው የለበሰው ደማቅ ቢጫ ልብስ ከጥቁር ፊቱ ጋር እንዴት እንደተስማማ ነው። በዚሁ በ1717 ይህ ሹመት ወደ ሐጂ በሺር አጋ ተላለፈ። በሺር ከሐበሻ ምድር በሕፃንነቱ ተሽጦ የተወሰደና የተሰለበ ሰው ነበር፤ እስከ ሞተበት እስከ 1746 ድረስ ለሠላሳ ዓመት ያህል በኦቶማን ቤተ መንግሥት ቪዚሮችን የሚያሾምና የሚያሽር ባለሥልጣን ሆኖ ኖሯል፤ በቁስጥንጥንያ ያሠራቸው ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤት ስሙን ይዘው ቀርተዋል። በቀይ ባሕርና በናይል በኩል የሄደው የሐበሻ ልጆች ጉዞ በአንድ ጫፉ እንዲህ ያለ ሹም፣ በሌላው ጫፉ ስማቸው የማይታወቅ እልፍ ባሪያዎች አሉበት። ሜሪ ስለ ባርነት ልዩ ደብዳቤ ጽፋለች፤ የቱርክ ባሪያ አያያዙ መልካም ነው፣ ከአውሮፓ አሽከር አይከፋም ስትል ትሟገታለች። በደብዳቤው ሁሉ ግን ባሪያ ሲናገር አይሰማም። ቱርክኛ ያወቀች፣ ማንም አውሮፓዊ ያልገባበት እልፍኝ የገባች ሴት በበሩ ላይ የቆመውን ሰው አገርህ ወዴት ነው ብላ አልጠየቀችም።

የቱኒስ ደብዳቤ ከዚህም ይብሳል። የመመለሻ መርከቧ ቱኒስ ላይ ቆመ፤ ሜሪም የቀርጣግናን ፍርስራሽ ለማየት ወጣች። እዚያ የተሰበሰቡትን የአገሩን ሴቶች ከዝንጀሮ ጋር አመሳስላ የጻፈችው ቃል ዛሬም ድረስ በጥራዙ ውስጥ አለ። ይህ የተጻፈው በሶፊያ ራቁታቸውን የተቀመጡትን ሴቶች ከአውሮፓ ልዕልቶች አስበልጣ ባከበረችው በዚያችው እጅ ነው። ምክንያቱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቱርክ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጣለች፤ ከአሕመድ ቤይ ጋር ራት በልታለች፤ ከፋጢማ ጋር ቡና ጠጥታለች፤ በዚያው ወልዳለች። በቱኒስ የቆየችው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ቋንቋቸውን አታውቅም፤ ቤታቸው አልገባችም። በሪኮና በሂል ላይ የፈረደችበት የመንገደኛ ዓይን አፍሪቃ ላይ ሲደርስ የራሷ ዓይን ሆነ። የሚያሳዝነው የመጀመሪያው መጻፍ አይደለም፤ ሰው ደክሞት፣ ሙቀት አቃጥሎት፣ ብዙ ነገር ይጽፋል። ስድስት ዓመት ያህል ወረቀቶቿን ስታበጥር፣ የቤተሰብ ወሬውን ስትቆርጥ፣ ዓረፍተ ነገሩን ስታሳምር ይህችን ገጽ አንብባ ወዳ አስቀረቻት። የሚያነበው ሰው እንደማያፍርባት እርግጠኛ ነበረች። በዘመኑም ያፈረባት አልተሰማም።

የሕትመቱ ታሪክ አጭር ነው። ሜሪ ከሞተች በኋላ ቤተሰቡ ጥራዞቹን ከቄስ ሳውደን በገንዘብ አስመለሱ። የልጇ ባል ሎርድ ቢዩት በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበርና የአማቱ ቀልድ በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለገም። ነገር ግን ጥራዞቹ ገና በቄሱ እጅ ሳሉ ሁለት እንግሊዛውያን ለአንድ ሌሊት ተውሰው ሌሊቱን ሲገለብጡ አድረዋል ተብሎ ይነገራል። በማንም ይሁን በማን፣ ደብዳቤዎቹ በሜይ 1763 በሦስት ክፍል ታትመው ወጡና ወዲያው ዝነኛ ሆኑ። በ1767 አንድ ተጨማሪ ክፍል ወጣ፤ ከውስጡ አብዛኛው የሐሰት ደብዳቤ ነው፤ ይህም መጽሐፉ ምን ያህል ገበያ እንደ ነበረው ይመሰክራል።

ከጥራዙ የመጨረሻ ገጾች አንዱ በኦክቶበር 1718 መጨረሻ ከዶቨር ወደብ ለፈረንሳይ ለሚኖረው ለአባ ኮንቲ የተጻፈ ነው። ከእስያና ከአፍሪቃ ጥቂት፣ ከአውሮፓ ብዙ አይታ የተመለሰች ሴት፣ ከራሱ ሰበካ ውጭ ፀሐይ የሚወጣበት አገር እንዳለ የማያውቀውን፣ የግሪክ ወይን ጠጅ ከጠላው የማይሻል የሚመስለውን የእንግሊዝ ገጠር ባላባት ዕድለኛ ነው ትላለች። ያየችውን ሁሉ ረስታ እንደ እሱ መሆን ትመኛለች። ይህን ከጻፈች ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1739፣ ባሏን ለንደን ትታ ለብቻዋ ወደ ኢጣልያ ተሻገረች። በቬኒስ፣ በአቪኞን፣ በብሬሻና በሎቬሬ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀመጠች፤ የዶቨሯ ምኞት የተጻፈባቸውም ጥራዞች በሻንጣዋ ውስጥ አብረዋት ነበሩ።